ስለ ዱር አራዊት ዘበኞችና የአገር ሹማምንት ሊሰጧቸው ስለሚገባ ድጋፍ

ጠባቂ የሌለው አትክልት የመንገደኛ ሲሳይ እንደሚሆን፣ ጠባቂ የሌለው የዱር አውሬም የአዳኝ ሲሳይ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ዘበኛ መቅጠርና ዘበኛን መደገፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስሙ በመዝገብ ተጽፎ፣ ጠብመንጃ ተሰጥቶት ወደ ተራራ የወጣ ዘበኛ በብዙ ስፍራ ይገኛል፤ ነገር ግን ደመወዙ በጊዜው ካልደረሰው፣ የያዘውን ወንጀለኛ የሚቀበል ዳኛ ካላገኘ፣ ቢሞትም ለልጆቹ የሚቆም ከሌለ፣ ያ ሰው በመዝገብ አለ ይባላል እንጂ በሥራ የለም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የአራዊት ጥበቃ በዘበኛው ጀግንነት ብቻ እንደማይቆም፣ ይልቁንም ከኋላው ባለው ሹም፣ በዳኛውና በባላገሩ ድጋፍ እንደሚጸና ማስረዳት ነው። ከዚያም የአገር ገዢዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ሊያደርጉት የሚገባውን በተራ ይዘረዝራል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የዘበኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ

የአራዊት ዘበኛ፣ በዛሬው አነጋገር ስካውት የሚባለው፣ ሥራው በአንድ በር ላይ ቆሞ መጠበቅ አይደለም። ስንቁን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ከጥበቃ ሰፈሩ ይወጣና ሸንተረሩን ይዞ ገደል ለገደል ይሄዳል። የሰው ዱካ፣ የእሳት ምልክት፣ የተቀበረ ወጥመድ፣ የተቆረጠ ዛፍ ይመለከታል። አሞራ በአንድ ስፍራ ላይ መዞር ያበዛ እንደ ሆነ ከዚያ በታች የሞተ ነገር መኖሩን ያውቃል። ሌሊቱን ሜዳ ላይ ወይም በዋሻ ያድራል፤ ብዙ ጊዜም እሳት ማንደድ አይችልም፤ እሳት አዳኙን ያስጠነቅቃልና።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ወጥመድ ነው። ጠብመንጃ ይጮኻልና ባለቤቱን ያጋልጣል፤ ወጥመድ ግን ዝም ብሎ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ወንድና ሴት፣ እናትና ግልገል አይለይም፤ ያጠመደውም ሰው ቢረሳው እንኳ መግደሉን አይተውም። ስለዚህ አንድ ዘበኛ ቀኑን ሙሉ ሄዶ አንድ ሰው ሳይዝ አሥር ወጥመድ ነቅሎ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ያ ቀን በከንቱ ያለፈ ቀን አይደለም።

ከዚህም በቀር አራዊቱን ይቆጥራል፤ የታመመውንና የሞተውን ያስታውቃል፤ ቃጠሎ ሲነሣ ያጠፋል፤ ከወሰን ያለፈውን ከብት ይመልሳል፤ ጎብኚ ሲመጣም ይመራል። በዛሬ ጊዜ በብዙ አገር ዘበኛው የሄደበትን መንገድና ያየውን ነገር ሁሉ በእጅ ስልክ ላይ ይመዘግባል። አለቆቹም ያን ተመልክተው አዳኙ የሚያዘወትረው ስፍራ የት እንደ ሆነ ያውቃሉ፤ ዘበኞቹንም ወደዚያ ያሰማራሉ።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ቁጥር በዓለም ሁሉ ጥቂት ነው። በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት በመላው ዓለም ያሉት ዘበኞች 286000 ያህል እንደ ሆኑ ገምቷል። መንግሥታት በ2030 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከምድር ከ100 እጅ 30ውን እንጠብቃለን ብለው የተስማሙበትን ለመፈጸም ግን 1 ሚሊዮን ተኩል ዘበኛ እንደሚያስፈልግ ያው ጥናት ያስረዳል። እንግዲህ በሥራ ላይ ያለው አንዱ ዘበኛ የአምስት ሰው ሸክም ተሸክሟል ማለት ነው።

ስለ ሕጉ

በኢትዮጵያ አደንን በሕግ መወሰን አዲስ ነገር አይደለም። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ፣ ስለ አደን ደንብ ወጥቶ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1930ዎቹ ዓመታት አራዊትን ስለ መጠበቅ ዐዋጅ ታወጀ። በ1950ዎቹ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተለየ መሥሪያ ቤት ቆመ። በ1999 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 541 ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 575 የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ።

የ1999ኙ ዐዋጅ ከሕግ ውጭ የሚያድነውን ሰው ከ5000 ብር የማያንስ ከ30000 ብርም የማይበልጥ መቀጫ፣ ወይም ከ1 ዓመት የማያንስ ከ5 ዓመትም የማይበልጥ እስራት፣ ወይም ሁለቱንም እንዲቀበል ደነገገ። ዳኛ ይህን በሚመለከትበት ጊዜ ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፣ የብር ዋጋ ከዚያ ወዲህ እጅግ ስለ ወረደ፣ በዚያ ዘመን ከባድ የነበረው መቀጫ ለዝሆን ጥርስ ነጋዴ እንደ ቀረጥ ብቻ ሊቈጠርለት ይችላል። ሁለተኛ፣ ሕግ አውጪው እስራትን ከመቀጫ ጋር አጣምሮ መስጠቱ ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ በጋዜጣ ታትሞ መውጣቱ ብቻውን ለአውሬው አይረባውም። ሕጉ እስከ ገደሉ አፋፍ የሚደርሰው በዘበኛው እግር ነው። ከገደሉ አፋፍ እስከ ፍርድ ወንበር የሚደርሰው ግን በሹሙ እርዳታ ነው። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ሕጉ መንገድ ላይ ይቀራል።

የስሜን ዋልያ የሚሰጠው ምስክርነት

የዘበኛ ድጋፍ ሲኖርና ሲጎድል የሚሆነውን ለማየት ከስሜን ዋልያ የበለጠ ምስክር አይገኝም። ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ተራሮች በቀር በሌላ ስፍራ አይኖርም። በሌላ አገር መንጋ ስለሌለው፣ በስሜን ያለቀ ዕለት ከምድር አለቀ ማለት ነው። ተወርዶ የማይደረስበት የሚመስለው ገደል መጠጊያው ነው፤ ነገር ግን ገደሉ ከነብር ያድነዋል እንጂ ከጥይትና ከወጥመድ አያድነውም።

በ1950ዎቹ ዓመታት ይህ አውሬ እጅግ ተመናምኖ ነበር፤ የቀረውም 150 ያህል ብቻ እንደ ሆነ ተገምቶ ነበር። በ1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተከለለ፤ ዘበኞችም ቆሙለት። በ1970 ዓ.ም. ስፍራው በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ዋልያውም ቀስ በቀስ ተራባ፤ ወደ 400ም ተጠጋ።

ከዚያ በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ ምክንያት የፓርኩ ሠራተኞች ስፍራውን ጥለው ወጡ፤ የጥበቃው ሰፈርም ፈረሰ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በአገሩ ብዙ መሣሪያ ተበትኖ ነበር። ጥበቃው እንደገና ቆሞ ቆጠራ በተደረገ ጊዜ የተገኘው ዋልያ ወደ 250 ወርዶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ስሜን አደጋ ካንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚህ ዝርዝር ለመውጣት 20 ዓመት የፈጀ ሥራ አስፈለገ። የፓርኩ ወሰን ሰፋ፤ ዘበኞች ተጨመሩ፤ ከብት የማይገባበት ስፍራ ተወሰነ፤ በመካከሉ የነበረው የጊች መንደርም ወደ ደባርቅ ተዛወረ። በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ። በዚያን ጊዜ የዋልያው ቁጥር ወደ 900 ተጠግቶ ነበር። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዋልያን የአደጋ ደረጃ በአንድ ዝቅ አደረገው።

ደስታው ግን አልቆየም። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል ሌላ ውጊያ ተጀመረ። ዘበኞች እንደ ቀድሞው መዘዋወር አልቻሉም፤ ጎብኚ ቀረ፤ ከጎብኚ ገንዘብ የሚያገኙት መሪዎች፣ በቅሎ አከራዮችና ምግብ ሻጮችም ሥራ ፈቱ። በ2016 ዓ.ም. የዋልያው ቁጥር ወደ 300 ገደማ መውረዱ ተነገረ። ለዚህ ከብት በግጦሽ መጋፋቱና በሽታም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል፤ ከሕግ ውጭ የሆነው አደን ግን ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። ዋልያው የተራባው ዘበኛው ድጋፍ ባገኘበት ዘመን ነው፤ ያነሰውም ዘበኛው ያለ ድጋፍ በቀረበት ዘመን ነው። የመራባቱና የማነሱ ፍጥነት ግን እኩል አይደለም። ሴቲቱ ዋልያ አምስት ወር ያህል አርግዛ ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው፤ ከግልገሎቹም ጥቂት የማይባሉት ሳያድጉ ይሞታሉ። አንድ አዳኝ በአንድ ጧት የሚገድላቸውን ሦስት እናቶች ለመተካት መንጋው ዓመታት ያስፈልጉታል። ሀያ ዓመት የተሠራው በሦስት ዓመት የሚፈርሰው ስለዚህ ነው።

የስሜን ነገር ብቻውን አይደለም። በሻሸመኔ አቅራቢያ በሰንቀሌ የሚጠበቁት ቆርኬዎች በሺህ ይቈጠሩ ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ጥበቃው በላላ ጊዜ ግን አብዛኞቹ አልቀው ጥቂት መቶ ያህል ብቻ ቀሩ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ 8 ዝሆኖች በአንድ ቀን ተገደሉ። መንግሥት በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በአደባባይ አቃጥሎ ነበር። ይህም ንግዱን እንደሚጠላ ለማሳየት መልካም ሥራ ነው፤ ነገር ግን የሚቃጠለው ጥርስ ባለቤቱ አስቀድሞ ሞቷል። በሕይወት ያለውን ዝሆን የሚያድነው በሜዳ ያለው ዘበኛ ነው።

አዳኙ ስለ ምን እንደሚያድን

ሹም አዳኙን ለመከልከል አስቀድሞ የሚያድንበትን ምክንያት ማወቅ አለበት። ሁሉን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ዱላ መምታት ሥራውን ያበላሻል።

የመጀመሪያው ምክንያት የክብር ልማድ ነው። በቀድሞ ዘመን ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሎ ሲመለስ ይዘፈንለት፣ በአደባባይም ይፎክር ነበር። የዋልያም ቀንድ የመጠጥ ዋንጫ ይሆን ነበር። ያ ልማድ የተወለደው አውሬ በዝቶ ሰው ባነሰበት፣ አደንም በጦርና በፈረስ በሚደረግበት ዘመን ነው። ዛሬ ሰው በዝቶ አውሬ ባለቀበት ዘመን፣ ከሩቅ በጠብመንጃ የሚገደል አውሬ ለገዳዩ ምን ክብር እንደሚያመጣለት ለመናገር ያስቸግራል።

ሁለተኛው ችግር ነው። እህሉ ያለቀበት፣ ከብቱ የሞተበት ሰው ሥጋ ፍለጋ ወጥመድ ያጠምዳል። ሦስተኛው ንግድ ነው፤ ይኸውም ጥርስ፣ ቀንድና ቆዳ በስውር ገዝቶ የሚያሻግር ሰው ሲኖር ነው። ይህ ሰው ራሱ ወደ ዱር አይወጣም፤ ችግረኛውን ይልካል፤ ችግረኛው ሲታሰርም ሌላ ይቀጥራል። አራተኛው ቂም ነው። ዝንጀሮ ገብሱን ያበላሸበት፣ በጉን አውሬ የወሰደበት፣ የግጦሽ መሬቱ ተከልሎ የተወሰደበት ባላገር አውሬውን የመንግሥት ከብት፣ ዘበኛውንም የአውሬ ጠበቃ አድርጎ ያየዋል።

እነዚህ አራቱ የተለያየ መድኃኒት ይሻሉ። ነጋዴውን የሚገታው ብርቱ ፍርድ ነው። ችግረኛውንና ቂመኛውን ግን ፍርድ ብቻውን አይመልሳቸውም፤ አንዱ እንጀራ፣ ሌላው ካሣና መልካም አነጋገር ይፈልጋል። ለክብር የሚያድነውን የሚመልሰው ደግሞ ክብሩ ወደ ሌላ የተዛወረ እንደ ሆነ ነው።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

በኮንጎ ምሥራቅ ያለው የቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከለለ፣ የተራራ ጎሪላ የሚኖርበት ስፍራ ነው። አገሩ ለብዙ ዓመት በጦርነት የታመሰ ስለ ሆነ፣ በዚያ ፓርክ በሥራ ላይ ሳሉ የተገደሉት ዘበኞች ቁጥር ከ200 በላይ ነው። በሚያዝያ ወር 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአንድ ቀን ብቻ 12 ዘበኞች ተገደሉ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዘበኞቹ ስፍራውን አልለቀቁም። ይህም ሊሆን የቻለው ስንቃቸውና ደመወዛቸው ስለሚደርሳቸው፣ የሞቱትም ሰዎች መበለቶችና ልጆች ስለሚረዱ ነው፤ ለመበለቶቹ የልብስ ስፌት ሥራ ቤት ተከፍቶላቸዋል። የተራራ ጎሪላ በሦስት አገር በዘበኞች ጥበቃ እየተራባ ሄዶ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቁጥሩ ከ1000 በላይ መሆኑ ተገለጠ።

የኔፓል ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በዚያ አገር በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቀረው አውራሪስ 100 ያህል ብቻ ነበር። መንግሥት በቺትዋን ፓርክ ወታደር ከዘበኛ ጋር አሰለፈ። ነገር ግን በወታደር ብቻ አልቆመም። ከ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ፓርኩ ከሚያገባው ገንዘብ ከ100 እጅ ከ30 እስከ 50 ያህሉ በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ ልማት እንዲውል በሕግ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ባላገሩ ለዘበኛው ወሬ አቀባይ ሆነ። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዓመቱ ውስጥ በአዳኝ የተገደለ አንድም አውራሪስ አልተገኘም፤ እንዲህ ያለውም ዓመት በኋላ ደግሞ ተደጋገመ። በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው ቆጠራ የአውራሪሱ ቁጥር 752 ሆነ።

በኢትዮጵያም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ከጥንት ጀምሮ ነበረ። በመንዝ የጓሳ መሬት በቀሮ ሥርዓት ከ17ኛው መቶ ዓመት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ሲጠበቅ ኖሯል። ባላገሩ አለቃ ይመርጣል፤ አለቃው ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስናል፤ ወሰን ያለፈውም ይቀጣል። አንዳንድ ጊዜ መሬቱ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ይህ ሥርዓት ተቋረጠ፤ ጥበቃው በኋላ በሕዝቡ ኮሚቴ እጅ እንደገና ቆመ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ በጓሳ እስከ ዛሬ የተገኙት ባላገሩ ራሱ ዘበኛ ሆኖ በመኖሩ ነው።

የአገር ሹም ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች

1ኛ፤ ደመወዙ በቀኑ ይድረሰው። የዘበኛ ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ደግሞ የዘገየ እንደ ሆነ ዘበኛው ለባለ ሱቅ ባለ ዕዳ ይሆናል። ባለ ዕዳ የሆነውን ዘበኛ አዳኙ በቀላሉ ይገዛዋል። ክፍያው ከሌላ መሥሪያ ቤት የሚመጣ ቢሆን እንኳ፣ የዘገየበትን ምክንያት ጠይቆ ማስፈጸም የሹሙ ፈንታ ነው። ይልቁንም ሁከት በሚነሣበት ጊዜ ከማናቸውም ወጪ አስቀድሞ የዘበኛው ደመወዝና ስንቅ መታሰብ አለበት፤ አውሬ የሚያልቀው በዚያን ጊዜ ነውና። ሰላም ከወረደ በኋላ ዘበኛ ማብዛት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

2ኛ፤ ልብስና መሣሪያው ይሟላ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ ይበርዳል። ጫማው የተቀደደ ዘበኛ ሩቅ አይሄድም፤ አዳኙም ይህን ያውቃል። ጠንካራ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ድንኳን፣ የእጅ ባትሪ፣ የሩቅ ማያ መነጽር፣ የመገናኛ ሬዲዮና የቁስል መድኃኒት ለእያንዳንዱ ቡድን ያስፈልጋል። በወረዳው ያለው ጤና ጣቢያም የቆሰለ ዘበኛ ሲመጣ ያለ ክርክር እንዲቀበለው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

3ኛ፤ ፍርዱ የፈጠነ ይሁን። ዘበኛ አዳኝ ይዞ የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ ወደ ወረዳ ሲደርስ፣ ለሚቀጥለው ወር ተቀጠር ቢባል፣ በቀጠሮው ቀን ደግሞ ተመላልሶ ለመመስከር ስንቁን ከራሱ ቢያወጣ፣ ሁለተኛ ሰው መያዝ ይሰለቻል። ስለዚህ ለምስክርነት የሚመጣ ዘበኛ አበል ይሰጠው። የተያዘው ቀንድ፣ ቆዳ፣ ጠብመንጃና ወጥመድ ተቈጥሮና ተጽፎ ከታሸገ በኋላ በአንድ ኀላፊ እጅ ይቀመጥ። ማስረጃው የጠፋ ክስ ይፈርሳል፤ የፈረሰ ክስም አዳኙን ከቀድሞው ይልቅ ያደፋፍረዋል።

4ኛ፤ አማላጅ አይግባ። በአገራችን ሽምግልና መልካም ነገር ነው፤ ሰውንና ሰውን ያስታርቃል። ነገር ግን የተገደለው አውሬ ሽማግሌ ሊልክ አይችልም። ለአዳኙ ዘመዱ፣ ባለ መሬቱ ወይም የአገሩ ትልቅ ሰው መጥቶ ስለ እኔ ብለህ ማረው ባለ ጊዜ ሹሙ እሺ ካለ፣ በተራራው ላይ ያለው ዘበኛ ብቻውን የሰፈሩ ሁሉ ጠላት ሆኖ ይቀራል። ዘበኛውም አብዛኛውን ጊዜ የዚያው አገር ሰው ስለ ሆነ፣ በዕድሩና በገበያው ከአዳኙ ዘመዶች ጋር መኖሩን ማሰብ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ቤተሰቡ ይታሰብ። ከ2009 እስከ 2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባለው ጊዜ በዓለም ሁሉ ከ1000 የሚበልጡ ዘበኞች በሥራቸው ላይ ሞተዋል። ዘበኛ ሲሞት ወይም ሲቈስል የጡረታው ወረቀት ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲንከራተት መበለቲቱ መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ታስወጣለች። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያያል። ሹሙ የአንዲቱን መበለት ጉዳይ በፍጥነት ቢያስፈጽም የቀሩትን ዘበኞች ሁሉ ልብ ያጸናል።

6ኛ፤ ባላገሩ ድርሻ ይኑረው። የጎብኚው ገንዘብ ከከተማው ሳያልፍ የቀረ እንደ ሆነ፣ ከፓርኩ ወሰን አጠገብ የሚኖረው ገበሬ የሚያየው ጉዳቱን ብቻ ነው። በቅሎ ማከራየት፣ መሪነት፣ ምግብ ማብሰልና የዕቃ ጥበቃ በተራ ለመንደሮቹ ሰዎች ይከፋፈል። አውሬ እህል ያጠፋበት ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ ይሰማ፤ ካሣ ባይኖር እንኳ ለማሳ ጠባቂ ወይም ለአጥር የሚሆን እርዳታ ይፈለግለት። ከብት የሚከለከልበት መሬት ከመከለሉ በፊት ሌላ መኖ የሚበቅልበት ስፍራ ይዘጋጅ። ከስፍራው የተነሡ ሰዎችም በሄዱበት ሁሉ መሬትና ሥራ ማግኘታቸው ይመርመር፤ የተበደለ ሰው ቂም ከወጥመድ ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው።

7ኛ፤ ባለ መሬት በመሬቱ ላይ ኀላፊ ይሁን። አውሬ የፓርኩን ወሰን አያውቅም። በመሬቱ ወጥመድ እንዳይጠመድ፣ እንግዳ አዳኝ በቤቱ እንዳያድር፣ ጥርስና ቆዳ የሚገዛ ነጋዴ ሲመጣም ለወረዳው እንዲነገር ማድረግ የባለ መሬቱ ፈንታ ነው። ውሾቹንም የእብደት በሽታ መከላከያ ክትባት ያስከትብ፤ ይህ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ እየተላለፈ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ፈጅቷል።

8ኛ፤ ክብሩ ይዛወር። ቀድሞ በአደባባይ የሚከበረው የገደለ ሰው ነበር። እንግዲህ ወጥመድ የነቀለው፣ ቃጠሎ ያጠፋው፣ አዳኝ በሰላም ይዞ ያስረከበው ዘበኛ በሕዝብ ስብሰባ ስሙ ይጠራ፤ ሽልማት ይሰጠው፤ በመንደሩም ይታወቅ። ልጆች የሚመኙት ሽማግሌዎች የሚያከብሩትን ነውና፣ ይህ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ከዘበኛው የሚጠበቀው

ዘበኛውን መደገፍ ማለት የሚያደርገውን ሁሉ ዝም ብሎ ማየት አይደለም። ጠብመንጃ የያዘ ሰው ሁሉ ሊሳሳትና ሊበድል ይችላል። እረኛ የሚደበድብ፣ እንጨት ከለቀመች ሴት ገንዘብ የሚቀበል፣ ወይም ራሱ የሚያድን ዘበኛ ከአዳኙ ይልቅ ሥራውን ይጎዳል፤ ሕዝቡ የአንዱን በደል በሁሉ ላይ ያስባልና። ስለዚህ ዘበኛው ሕጉን እንዲማር፣ ሰው ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ እንዲያውቅ፣ ጥይቱም በቍጥር እንዲወጣና እንዲገባ ያስፈልጋል። ባላገሩ በዘበኛ ላይ የሚያቀርበው አቤቱታ በዘበኛው አለቃ ብቻ ሳይሆን በወረዳው ሹም ፊትም ይታይ። በደል የፈጸመ ይቀጣ፤ በሐሰት የተከሰሰ ግን በግልጥ ነጻ ይውጣ።

ሲጠቃለል

አንዳንድ ሹም የወረዳው ችግር ብዙ ስለ ሆነ፣ መንገድ፣ ውሃና ትምህርት ቤት ሳይሟላ ስለ አውሬ ማሰብ ቅንጦት ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን አውሬው የሚጠበቅበት ተራራ ወንዙ የሚመነጭበት ተራራ ነው፤ ለዋልያ የተተወው ሣርና ጫካ ዝናቡን ይዞ ለቆላው ገበሬ ምንጭ ያደርግለታል። መንገድና ትምህርት ቤት ዘንድሮ ባይሠራ ለከርሞ ይሠራል። ዋልያ ግን ዘንድሮ ካለቀ፣ ለከርሞ ገንዘቡም ፈቃዱም ቢገኝ ከየትም አይመጣም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ አዳኙን የሚይዘው የአንድ ሰው ጉልበት ሳይሆን የብዙዎች መተባበር ነው። ዘበኛው ይዞ ያመጣል፤ ዳኛው ይፈርዳል፤ ሹሙ ደመወዙን ያደርሳል፤ ባለ መሬቱ ወጥመዱን ይከለክላል፤ ባላገሩም ወሬውን ያቀብላል። በየወረዳው ያለ ሹም ይህን ካነበበ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው፣ በግዛቱ ስንት የአራዊት ዘበኛ እንዳለ፣ የመጨረሻ ደመወዛቸው በየትኛው ወር እንደ ደረሳቸው፣ ከሳሽ ሆነው ያቀረቡት ክስም ስንቱ እንደ ተፈረደ ጠይቆ ማወቅ ነው። የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በወረዳው ያሉት አራዊት የሚኖሩ ወይም የሚያልቁ መሆናቸውን አስቀድሞ ያስታውቀዋል።